ልጄ የባሕር አረም ትበላለች፤ ልከልክላት?

ባለፈው እትም ስለ ኖሪ አጭር ጽሑፍ አውጥቼ ነበር። ኖሪ ማለት ሱሺ የሚጠቀለልበት፣ እንደ ወረቀት የሳሳው ጥቁር አረንጓዴ የባሕር ተክል ነው። «ዝናብ ሳይጠብቅ፣ መሬት ሳይሻማ የሚበቅል ምግብ ነውና ቅመሱት» ብዬ ነበር። ደብዳቤው እንዲህ ይጎርፋል ብዬ አልጠበቅኩም። ግማሹ ተናዶ ነው የጻፈው፣ ግማሹ ደግሞ ጨንቆት። ስለዚህ የዚህ ወር ዓምድ በሙሉ ለዚህ ጉዳይ ይሁን።

«ሰላም እህቴ። የምኖረው ማንችስተር ነው። የ11 ዓመት ልጅ አለችኝ። ትምህርት ቤት ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲማሩ ‹የባሕር አረም የወደፊቱ ምግብ ነው› ተብላ መጣች። ከዚያ ወዲህ ያንን ደረቅ ኖሪ በየቀኑ ካልገዛሽልኝ ትላለች። እኔን ገና ፓኬቱ ሲከፈት ሽታው ያቅለሸልሸኛል። እናቴ ከጎንደር ልትጠይቀን መጥታ አየችና ‹እኛ በክፉ ቀን እንኳ ያልበላነውን አረም እናንተ ጠግባችሁ ትበላላችሁ?› አለችኝ። ግራ ገባኝ። ልከልክላት ወይስ ችግሩ ከእኔ ነው?» የሁለት ልጆች እናት

እህቴ፣ አትከልክያት። አንቺም ግን ራስሽን አትውቀሺ።

የማያውቁትን ምግብ መፍራት የሰው ሁሉ ጠባይ ነው። በአውሮፓም በአውስትራሊያም ሸማቾች ስለ ባሕር አረም ሲጠየቁ ደጋግሞ ከሚወጣው መልስ አንዱ ይኸው ፍርሃት ነው። ሽታው፣ መልኩ፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ያለው ልስላሴ። ስሜቱን እኔም አውቀዋለሁ። ዌልስ ውስጥ ስዋንሲ ተማሪ ሳለሁ ገበያ አዳራሹ ውስጥ ሌቨርብሬድ የሚሉትን ነገር አየሁ። ስሙ ዳቦ ይላል እንጂ ዳቦ አይደለም። ከባሕር ዳር ድንጋይ ላይ የተለቀመ ተክል ነው፤ ለሰዓታት ይቀቀልና ሙክክ ብሎ፣ ጥቁር ሆኖ ይሸጣል። ሻጯ አሮጊት በማንኪያ ጫፍ ሰጡኝ። አፌ ውስጥ አስገብቼ መዋጥ አቃተኝ። ሴትየዋ አልተቆጡም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመለስ ግን ያንኑ ነገር በአጃ ዱቄት ለውሰው፣ እንደ ትንሽ ቂጣ ጠፍጥፈው፣ መጥበሻ ላይ ጠብሰው ሰጡኝ። በላሁት። ሌላም ጠየቅኩ። ነገሩ ያው ነበር፤ የመጣበት መንገድ ነው የተለየው።

ስሙም አላገዘንም። አረም ማለት ለእኛ ገበሬው ጎንበስ ብሎ ነቅሎ የሚጥለው ጠላት ነው። በዚያ ላይ ለጎንደር ሰው የውሃ አረም ሲባል ዓይኑ ላይ የሚመጣው ጣናን የወረረው እምቦጭ ነው። እናትሽን ቢዘገንናቸው አይፈረድባቸውም። እምቦጭ ግን ሌላ ነገር ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ ጨው በሌለው ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ሥርና አበባ ያለው ተክል ነው። የባሕር አረም የምንለው የዋቅላሚ፣ ማለትም የአልጌ፣ ወገን ነው፤ አበባ የለውም፣ እውነተኛ ሥርም የለውም፣ ኑሮው ጨው ውሃ ውስጥ ነው። እኔ ቤቴ ውስጥ «የባሕር ጎመን» ነው የምለው። የሳይንስ ስም አይደለም፤ ልጆቼ ግን ጎመን ሲባሉ ሳህኑን አልገፉትም።

«በክፉ ቀን እንኳ» ያሉትን ግን ቀላል አድርጌ አላየውም። በክፉ ቀን የተበላ ምግብ ትዝታ አለው። ሳማ ቀቅሎ ያን ዘመን ያለፈ ሰው ሳማን ደስ ብሎት ድግስ ላይ አያቀርብም። አየርላንዶችም ይህን ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ድንቹ በበሽታ ሲያልቅ የባሕር ዳር ሰው ከድንጋይ ላይ የባሕር ተክል እየለቀመ ነፍሱን አቆየ። ከዚያ በኋላ ያ ተክል የድሃ ምግብ ተብሎ ለብዙ ዘመን ተናቀ። አሁን ልጅ ልጆቻቸው ዳልስ የሚባለውን ቀይ የባሕር ተክል በኩራት ዳቦ ውስጥ ይጋግሩታል። ስለዚህ እናትሽ ያሉት የረሃብን ትዝታ ነው፣ ልጅሽ ያለችው ደግሞ የነገን ስጋት ነው፤ ሁለቱም ስለ አንድ ነገር ነው የሚያወሩት፣ ስለ እህል መጥፋት። አስቀምጠሽ አነጋግሪያቸው።

ለእናትሽ ደግሞ የኮሪያን ወግ ንገሪያቸው። እዚያ ሴት ስትወልድ ሚዮክ ጉክ የሚባል የባሕር አረም ሾርባ ይሠራላታል፤ በወጉ መሠረት ለሦስት ሳምንት ያህል ትጠጣዋለች። እኛ አራስን በገንፎ እንደምንጠይቀው ማለት ነው። ከዚያ ልጁ በየዓመቱ ልደቱ ሲደርስ ያንኑ ሾርባ ይጠጣል፣ እናቱ እሱን ስትወልድ የበላችውን ለማሰብ። እናትሽ ይህን ሰምተው «አረም» ማለታቸውን የሚቀጥሉ አይመስለኝም። ባይበሉትም እንኳ።

ለልጅሽ የሚሆን ሌላ ታሪክ ደግሞ አለኝ፤ ይህን በጣም ነው የምወደው። ያ የምትበላው ኖሪ ከእናንተው ከተማ ጋር ዝምድና አለው።

ጃፓኖች ኖሪን ለዘመናት ሲያለሙ ዘሩ ከየት እንደሚመጣ አያውቁም ነበር። ባሕሩ ውስጥ እንጨትና መረብ ይተክላሉ፣ አንዳንድ ዓመት ይበቅላል፣ አንዳንድ ዓመት ባዶ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ምርቱ ክፉኛ ወደቀ፤ ባሕር ዳር ያለው ገበሬ ቸገረው። በዚያው ሰሞን ማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካትሊን ድሩ ቤከር የምትባል ተመራማሪ የዌልሱን የባሕር ተክል፣ ማለትም ያ ሌቨርብሬድ የሚሠራበትን የኖሪን ዘመድ፣ ታጠና ነበር። ዘሩ የት እንደሚሰወር ያገኘችው እሷ ናት። በበጋ የባዶ ቀንድ አውጣና የኦይስተር ቅርፊት ውስጥ ሰርስሮ ይገባል፣ እንደ ሮዝ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀመጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይወጣል። ያቺ ሮዝ ነጠብጣብ ከዚያ በፊት ራሷን የቻለች ሌላ ዝርያ ትመስላቸው ነበር። ግኝቷ እ.ኤ.አ. በ1949 ታተመ። የጃፓን ተመራማሪዎች ያንን ይዘው ዘሩን በቅርፊት ላይ ማፍላት ቻሉ፤ የዛሬው የኖሪ እርሻ ከዚያ ተነሣ። እሷ በ1957 አረፈች፣ ጃፓንን በዓይኗ ሳታይ። ኡቶ በምትባል ከተማ ሐውልት ቆሞላታል፤ በየዓመቱ ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 14፣ ያስቧታል። «የባሕር እናት» ነው የሚሏት። ባሏን ስታገባ የማስተማር ሥራዋን አጥታ ነበር፣ ያገባች ሴት አይቀጠርም በሚል ደንብ፤ ምርምሩን ግን አልተወችም። ልጅሽ ይህን ትወቅ።

ትምህርት ቤት የተነገራት ነገር እውነት ነው ወይ ካልሽ፣ ባብዛኛው አዎ። የባሕር አረም አይታረስም፣ ማዳበሪያ አይጠይቅም፣ የሚጠጣ ውሃ አይሻማም። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 35 ሚሊዮን ቶን ገደማ ተመርቷል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም በእርሻ የለማ ነው፣ ከግማሽ በላዩ ቻይና ውስጥ። ከእኛ ሰፈር ደግሞ ዛንዚባር አለች። እዚያ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተለይ ሴቶቹ ባሕሩ ሲሸሽ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው፣ ቡቃያውን ገመድ ላይ እያሰሩ ያለማሉ። ግን ባሕሩ እየሞቀ ሲመጣ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣላቸው ዝርያ እየሞተባቸው ነው። ስለዚህ የባሕር አረም ዓለምን ያድናል ሲባል ስሰማ ደስ አይለኝም። ጥሩ ምግብ ነው፣ ከብዙ ምግብ ያነሰ ጉዳት አለው፣ በቃ። የበለጠ ከተጫነበት ሰው ይከፋል፣ ያታለሉት ይመስለዋል።

የዛንዚባር ሴቶች ከሚያለሙት አብዛኛው ደርቆ ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ካራጊናን የሚባል ማወፈሪያ ይሆናል። የምትገዢው አይስክሬም፣ ቸኮሌት ወተት፣ የጥርስ ሳሙና ላይ ጀርባውን አንብቢ። ካራጊናን ወይም ኢ407 የሚል ብዙ ጊዜ ታገኛለሽ። አንቺም እናትሽም ሳታውቁት ስትበሉት ኖራችኋል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልንገርሽ። ልጅሽ «ለምድር ብላችሁ ብሉ» እያለች እናንተን ብትጎተጉት ማንንም አታሳምንም። ሰው ለምድር ብሎ አንድ ጊዜ ይቀምሳል። ሁለተኛ የሚገዛው ከጣመው፣ ከለመደውና ዋጋው ከቻለው ብቻ ነው። እሷ ጥሟታል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በቀን አንድ ሁለት ቅጠል ኖሪ ለ11 ዓመት ልጅ የሚያሰጋ አይደለም። የጨው መጠኑን ከፓኬቱ ላይ እያየሽ ጨው ያነሰበትን ምረጪ። አንቺ መብላት የለብሽም። ፊትሽን ማጨማደድሽን ብቻ ተይ፤ ልጅ ከአፍሽ ይልቅ ፊትሽን ነው የምታነበው።

«ልጄ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ ነኝ፣ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ልጄ ከሴኡል ሲመጣ ይህን ደረቅ ነገር አምጥቶልኝ ከሻይ ጋር እበላዋለሁ፤ ወደድኩት። ዐቢይ ጾም ሲመጣ ግን ሰጋሁ። ከባሕር ነው የሚወጣ። እንደ ዓሣ ነው የሚቆጠረው? ደግሞስ ልጄ ‹ከሥጋ የበለጠ ፕሮቲን አለው› ይለኛል፤ እውነት ነው?»

አባቴ፣ ከባሕር ይውጣ እንጂ እንስሳ አይደለም። ደም የለውም፣ እንደ ተክል ፀሐይ ሞቆ ነው የሚያድግ። እኔ እንደ ጎመን ነው የማየው። የመጨረሻውን ቃል ግን የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ፤ እኔ የምግብ ሰው ነኝ እንጂ የሃይማኖት መምህር አይደለሁም። ማሳሰብ የምችለው ፓኬቱን ነው። አንዳንዱ በዓሣ ዱቄት ወይም በኦይስተር ጭማቂ ይቀመማል። በሰሊጥ ዘይትና በጨው ብቻ የተጠበሰውን ይፈልጉ። ልጅዎ የሚያነብልዎት ኮሪያኛ ጽሑፍ ከሆነ ሲገዛ ይመልከትልዎት።

ፕሮቲኑን በተመለከተ ልጅዎ ግማሹን ነው የነገረዎት። የደረቀ ኖሪ በግራም ሲለካ ፕሮቲኑ እውነትም ብዙ ነው። ግን አንድ ቅጠል ክብደቱ 3 ግራም እንኳ አይሞላም። ከአንድ ቅጠል የሚያገኙት ፕሮቲን 1 ግራም ገደማ ነው። ምስር ወጥዎን አይተዉ። ቫይታሚን ቢ12 አለው የሚሉም ይኖራሉ፤ በዓመት 180 ቀን ገደማ ለሚጾም፣ በዚያ ላይ በዕድሜ ለገፋ ሰው፣ ይህ ቫይታሚን ብርቱ ጉዳይ ነውና በባሕር አረም ላይ ብቻ አይተማመኑ። ሐኪምዎ ጋ ሲሄዱ በደም ይለኩልኝ ይበሏቸው።

«የ34 ዓመት ሴት ነኝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት፣ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። እናቴ ትልቅ እንቅርት ነበረባት። ጓደኛዬ ‹ኬልፕ የሚባል የባሕር አረም እንክብል ውሰጂ፣ አዮዲን አለው፣ አንቺንም ልጁንም ይጠብቃል› አለችኝ። ገዝቻለሁ ግን አልጀመርኩም። ልጀምር?»

አትጀምሪ። እባክሽ መጀመሪያ ሐኪምሽን አነጋግሪ፣ እንክብሉንም ይዘሽ ሂጂ።

ጓደኛሽ ክፉ አላሰበችም። አዮዲን ሲያንስ እንቅርት እንደሚመጣ፣ ለፅንሱም አእምሮ እንደሚያስፈልግ እውነት ነው። የእኛ ደጋ አገር አፈሩ በዝናብ ታጥቦ አዮዲኑ ስለሚያልቅ ስንት እናት አንገቷን በነጠላ ሸፍና ኖራለች። ለዚህ ነው በ2003 ዓ.ም. ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ አገራችን ውስጥ የወጣው። ነገር ግን ሲበዛም ያው በሽታ ይመጣል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ሰሜን ጃፓን ውስጥ፣ ሆካይዶ ደሴት ባሕር ዳር፣ ኮምቡ የሚባለውን ኬልፕ በየቀኑ በብዛት የሚበሉ ሰዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንቅርት በርክቶ ተገኝቷል። የአዮዲን እጥረት ሳይሆን ትርፍ ነበር ምክንያቱ። ቤተሰቧ ውስጥ የታይሮይድ ችግር ላለባት ሴት ሳይለኩ ኬልፕ መጀመር በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

ቁጥሩን እይው። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር የሚመክረው በቀን 250 ማይክሮግራም ነው። አሜሪካ ውስጥ ለአዋቂ ሰው የተቀመጠው ጣሪያ 1100 ነው፣ አውሮፓ ውስጥ 600። አንድ ግራም ደረቅ ኮምቡ ብቻውን ከ2000 ሊያልፍ ይችላል። አንድ ግራም! በጣት ጫፍ የሚያዝ ነው። ኖሪ ግን እንዲህ አይደለም፤ አንድ ቅጠል አብዛኛውን ጊዜ ከ100 አይበልጥም። ስለዚህ ጓደኞችሽ ጋር ወጥተሽ አትክልት ሱሺ ብትበዪ አትደንግጪ። የሚያሰጋኝ እንክብሉና ኮምቡው ነው። የእርግዝና ቫይታሚንሽም አዮዲን ሊኖረው ስለሚችል ሁለቱ ተደምረው ነው መታየት ያለባቸው።

ሂጂኪ ከሚባለው ጥቁር፣ እንደ ክር ከተበጣጠሰው ዓይነት ደግሞ ሁላችሁም ራቁ፣ እርጉዝ ሆናችሁም አልሆናችሁም። አርሰኒክ የሚባለው መርዝ፣ ያውም ክፉው ዓይነት፣ በብዛት ስላለበት የእንግሊዝ የምግብ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አትብሉት ይላል።

«ሰላም ነው? ቢሾፍቱ ነው ያለሁት። አረንጓዴ ሐይቅ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ነገር እኮ እዚያ ፈረንጅ አገር በውድ የሚሸጠው፣ ስፓይሩሊና የሚሉት ለምግብ የሚሆን ደቃቅ የውሃ ተሕዋስ ነው ይባላል። ቀድተን አድርቀን ብንሸጥስ? እኛ ባሕር የለንም፣ ሐይቅ ግን አለን።»

ወንድሜ፣ የሰማኸው እውነት ነው። አረንጓዴ ሐይቅም፣ ሻላ አጠገብ ያለው ጪቱ ሐይቅም ስፓይሩሊና በተፈጥሮ ይበዛባቸዋል። ፍላሚንጎዎቹም የሚመጡት እሱን ሊበሉ ነው። ቻድ ውስጥ ደግሞ የካነምቡ ሴቶች ከኩሬ ቀድተው፣ አሸዋ ላይ አድርቀው፣ ዲሄ ብለው ወጥ ውስጥ ከጨመሩት ብዙ ዘመን ሆነ። ጎረቤት አፍሪካዊ እንዲህ ሲበላው እኛ አለማወቃችን ያስቆጨኛል።

ቀድታችሁ አድርቃችሁ አትሽጡ ግን። ሐይቁ ውስጥ አብረው የሚኖሩ መርዛም ዘመዶች አሉት፣ በዓይን አይለዩም፤ የከተማው ፍሳሽም አለ። የሚሸጠው ስፓይሩሊና በንጹሕ ገንዳ ለምቶ፣ በላቦራቶሪ ተመርምሮ ነው። በአቅራቢያህ ያለ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ክፍል ሄደህ አነጋግራቸው። በገንዳ ከጀመራችሁ ጻፍልኝ፣ እመጣለሁ።

«ሁሉም ስለ ጤና ነው የሚጠይቀው፤ እኔ የምጠይቀው አንድ ነው። እንዴት ነው የሚሠራው? አንዴ ዋካሜ የሚባለውን የባሕር አረም ገዝቼ እንደ ጎመን ጠበስኩትና ድስቱን ሞልቶ ፈሰሰ፣ ልስልስ ብሎ ማንም አልበላውም።» ከስቶክሆልም

እህቴ፣ ዋካሜ ሲደርቅ ትንሽ ይመስላል፣ ውሃ ሲነካ ግን ብዙ እጥፍ ያብጣል። ለአራት ሰው አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ ነክረሽ ጨምቂው። ልስላሴው የተልባ ዓይነት ነው፤ አትጥበሺው፣ እሳት ሲበዛበት ይብሳል። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሎሚና ዝንጅብል ባለው ሰላጣ ውስጥ ብርድ ብርዱን ጨምሪው፣ ሎሚው ልስላሴውን ይቆርጠዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቀምስ ቤተሰብ ግን እኔ በሽሮ ነው የምጀምረው። ጃፓናዊው ኪኩናኤ ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 የኮምቡን ሾርባ መርምሮ ያ ምላስ ላይ የሚቆየው ጣዕም ከግሉታሜት እንደሚመጣ ያሳየ ጊዜ ኡማሚ ብሎ ስም አወጣለት። ያንን ጣዕም እኛ በደንብ ከቆየ ሽሮ እናውቀዋለን። ስለዚህ ሁለቱ አይጣሉም። አንድ ጭብጥ ደረቅ ዳልስ በመቀስ ከትፈሽ፣ ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ ከተቁላላ በኋላ ጣይው፣ ከዚያ ውሃሽን፣ ከዚያ ሽሮውን። እስኪንተከተክ ድረስ ጨው እንዳትጨምሪ፤ ዳልሱ የራሱን ጨው ይዞ ስለሚመጣ መጀመሪያ ቅመሽ።

ለልጆች ደግሞ ቆሎ አለ። ገብሱንና ሽምብራውን ቆልተሽ ሲበርድ፣ ሁለት ቅጠል ኖሪ በደረቅ መጥበሻ ላይ ለጥቂት ሰከንድ አሙቀሽ በእጅሽ አድቅቀሽ በትኚበት። ትንሽ ዘይት እጅሽ ላይ ካላደረግሽ አይያዝም። ሚጥሚጣ የምትጨምሪ ከሆነ የልጆቹን ድርሻ አስቀድመሽ ለይ።